ቆራሌው ሳይቀድመን

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር ፋሲሎ አካባቢ ቆራሌውን አስቆምኩትና ማዳበሪያውን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ከላይ እጀታ የሌለው ብረት ድስት አለ። ከሱ ስር የተጨማደደ የዘይት ቆርቆሮ። ከሁሉም ስር ግራጫ ነገር ብቅ አለ። ፕሌይስቴሽን ዋን! ክዳኑ ተገንጥሏል፤ ጆይስቲኩ ግን ገመዱ እንደተጠቀለለ አብሮት አለ። "ስንት ነው?" አልኩት። ዕቃውን አየ፣ እኔን አየ፣ መጓጓቴን አየና "ለአንተ ሦስት መቶ" አለኝ። ሃምሳ ብር እንኳን እንዳላወጣበት ሁለታችንም እናውቃለን። ሳልከራከር ከፈልኩ።

ያ ዕቃ ዛሬ ይሠራል። እሱና አርባ የሚሆኑ ጓደኞቹ፣ አሮጌ የጌም ማሽኖችና ኮምፒውተሮች፣ ሽምብጥ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ተደርድረዋል። የምጽፈው ስለ እነሱ ነው፤ ገንዘብም ልጠይቃችሁ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም ብዬ ነበር፤ ግን ጌም ቤቱን ሳላነሳ ማለፍ አቃተኝ።

በእኛ ልጅነት ባሕር ዳር ውስጥ ጌም ቤት ማለት መጋረጃ የተንጠለጠለበት በር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ጀርባዋ ያበጠ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን እና "የተሸነፈ ይነሳል" የሚል ሕግ ነው። ለዳቦ የተሰጠን ሳንቲም ስንት ጊዜ እዚያ ቀልጦ ቀርቷል! እማዬ፣ ይህን ካነበብሽ ይቅር በይኝ።

የጌም ቤቱ ባለቤት ማሽኑ ሲዲ አላነብም ሲለው አንድ ዘዴ ነበረው። ብድግ ያደርግና ይደፋዋል። ጨዋታው ይጀምራል። እኛ አስማት ይመስለን ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ያንን የቆራሌውን ዕቃ ስፈታ ነው። ሲዲውን የሚያነብበው ዓይን ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተተው በፕላስቲክ ሐዲድ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ይህ ክፍል ከኃይል አቅራቢው ቦርድ ጋር ጎረቤት ነው። ሙቀቱና ምልልሱ ፕላስቲኩን ይበሉታል፤ ዓይኑ ያዘነብላል። ማሽኑ ሲደፋ ክብደቱ ወደ ሌላው ጎን ይሄድና ለጊዜው ይቃናል። ሶኒ ይህን ማሽን በፈረንጆቹ 1994 ጃፓን ውስጥ ሲያወጣ ተደፍቶ እንዲሠራ አልነበረም ሐሳቡ። የእኛ ሰውዬ ግን ማንም ሳያስተምረው ደርሶበታል።

ከፕሌይስቴሽን በፊት በካሴት የሚሠራው ነበር። ብዙዎቻችን ያወቅነው ፋሚኮም የተባለውን የጌም ማሽን ቅጂ ነው። ኒንቴንዶ ዋናውን ያወጣው በፈረንጆቹ 1983 ሲሆን ቅጂዎቹ ግን እኛ ጋ ሲደርሱ ዋናው አርጅቶ ነበር። ካሴቱ ላይ "9999 ጌም" ተብሎ ይጻፋል። ወርዶ ወርዶ ላየው ሰው ያው ጥቂት ጨዋታ ነው እየተመላለሰ የሚመጣው። አልሠራም ካለ ነቅለን እፍ እንልና መልሰን እንሰካለን። ለካ የሚሠራው እፍ ማለታችን ሳይሆን መንቀልና መሰካታችን ነው። ትንፋሻችን እንዲያውም እርጥበት ስላለው የካሴቱን ጥርሶች ቀስ በቀስ ያዝጋቸዋል። ስንት ካሴት ገድለናል ማለት ነው? አሁን የምናጸዳው በጥጥና በንጹህ አልኮል ነው። አረቄ አይሆንም ወይ ብሎ የጠየቀን አለ። አይሆንም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ስምንት ሰዎች ነን። አንደኛው ስድሳን ያለፉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ናቸው፤ ሙያውን የተማሩት በፈረንጆቹ 1963 በሶቪየቶች ትብብር በተከፈተው ፖሊ፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ነው። የቀረነው እሳቸው "ያዝ" ሲሉን የምንይዝ፣ "ልቀቅ" ሲሉን የምንለቅ ነን ብል ማጋነን አይሆንም። ዕቃውን የሰበሰብነው ከዘመድ ቁም ሣጥን፣ ከጋራዥ፣ ከገበያ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መስሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ግቢው ውስጥ ዝናብ ላይ ደርድሯቸው አግኝተናል። ለምነን እንጂ አልሰረቅንም። ግማሾቹ ግን ውስጣቸው ጭቃ ነበር።

ከስብስቡ ሁሉ የምንሳሳለት አሜሪካ የሚኖር የባሕር ዳር ልጅ ጃኬት ውስጥ ጠቅልሎ በሻንጣ ያመጣልንን ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒውተር ነው። በፈረንጆቹ 1982 የወጣ ነው። ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ አካል ናቸው፤ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ፕሮግራሙን ከዘፈን ካሴት ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ካሴት ላይ ያነብባል። አዎ፣ ያው በእስክሪብቶ እያዞርን የምናጠነጥነው። ጠቅላላ ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለች አንዲት 3 ሜጋባይት የሰርግ ፎቶ የአርባ ስምንት እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ሜሞሪ ትሞላለች። እስካሁን ግን ኤሌክትሪክ አላስነካነውም። የዚህ ማሽን የድሮ ኃይል አቅራቢ ሲያረጅ ከ5 ቮልት በላይ እየለቀቀ የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። አዲስ እስክንገዛለት በፎጣ ተሸፍኖ ተኝቷል።

ነገሩ የትልልቅ ሰዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ልጨምር። በኅዳር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር 11 ዲስኬት በፌስታል ይዘው መጡ። ዘጌና አካባቢው እየዞሩ የሰበሰቡት ተረትና ምሳሌ ነው። "ኮምፒውተሬ ከሞተ ቆየ፤ ልጆቹ ይህን የሚያነብ የለም አሉኝ" አሉን። ከ11ዱ 7ቱ ተነበቡ። ፋይሉን በአዲስ ላፕቶፕ ስንከፍተው ስክሪኑን የሞላው የላቲን ፊደልና የምልክት ጥርቅም ነው። ጋሼ ዝም አሉ።

የሆነው ይህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ የተባለው የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ሀ-ሁን ለላቲን በተዘጋጀ 256 ቦታ ውስጥ፣ እያንዳንዱ በገዛ መንገዱ፣ ያጭቁት ነበር። ትክክለኛው ፎንት ከሌለ ጽሑፉ የእብድ ወሬ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ 98 ያለበትን አሮጌውን ማሽን ከመደርደሪያ አወረድን። ባትሪው ስላለቀ ሰዓቱ ወደ 1980 ተመልሶ ነበር። ጋሼ አዩትና "በእኛ ከሆነ ልክ ትዳር የያዝኩበት ዓመት ነው" ብለው ሳቁ። ፎንቱን ጫንን። ፋይሉ ሲከፈት የመጀመሪያው መስመር በፊደል ቁልጭ ብሎ ወጣ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ ጮክ ብለው ያነቡልን ጀመር። አራቱ ዲስኬቶች ሻጋታ ይዟቸዋል። አሁንም እኛ ጋ ናቸው፤ ተስፋ አልቆረጥንም።

ይህን የመሰለ ዲስኬት በስንት ቤት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አስቡት። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ፣ ያልታተመ ግጥም።

ጠላታችን ጣና ነው። ይቅርታ፣ እንወደዋለን፤ ዓሳውንም ማታ ማታ ዳርቻው ላይ መንሸራሸሩንም። እርጥበቱ ግን ለቦርድ አይራራም። የክፍላችን ጣሪያ ኮርኒስ የለውም፤ አንዱ ግድግዳ ከስር ውሃ ይስባል። ባለፈው ክረምት ወለል ላይ የነበሩ ሦስት ማሽኖች ዛጉብን። የአንዱ ቦርድ ላይ የተበየደች በርሜል መሳይ ባትሪ ፈስሳ ዙሪያዋን ያለውን መዳብ አረንጓዴ አድርጋው ነበር። በአቼቶ አጥበን፣ የተበጠሰውን መስመር በቀጭን ሽቦ ቀጥለን፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነፍስ ዘራ። ሁለቱ አልተረፉም። ሩዝ አድርጉበት ያላችሁን እናመሰግናለን፤ የፎገራ ሩዝ ግን ለሆድ እንጂ ለዚህ አልጠቀመንም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ሞኒተር የተቃጠለብን እንደዚያ ነው።

የምንፈልገው 180,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 52,000ውን ስምንታችን አዋጥተናል። የቀረው 128,000 ነው። ከጠቅላላው 180,000 ውስጥ 38,000ው ለኮርኒስና ለግድግዳው፣ ሌላ 38,000 ከወለል ከፍ ላሉ አራት የብረት መደርደሪያዎች፣ 45,000ው ኃይሉን ለሚያረጋጋው ስታብላይዘርና መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለሚያቆየው ዩፒኤስ ነው። 33,000 የስድስት ወር ኪራይ። የቀረችው 26,000 ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ፣ ካፓሲተር፣ አልኮል፣ የኮሞዶሩ ኃይል አቅራቢ፣ እና የጋሼን ዓይነት የታመመ ዲስኬት እንደገና ለመሞከር የምትረዳ ትንሽ ቦርድ ትገዛለች። ዋጋውን ከሱቅ ሱቅ ዞረን ጠይቀናል። ኮርኒሱ ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት፤ ሌላው ቀስ ቢል ይችላል።

ሃምሳ ብርም ትሁን አምስት ሺህ፣ እንቀበላለን። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው፤ የዕቃ ደረሰኝ ሁሉ በራችን ላይ ይለጠፋል። ቁጥሩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ባይሆን ብቅ በሉና ራሳችሁ አይታችሁ ስጡ፤ እኔ ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ገንዘብ የሌለው ዕቃ ያምጣ። ጆይስቲክ፣ ቻርጀር፣ ሜሞሪ ካርድ፣ የቴሌቪዥን ገመድ። በተለይ ጀርባዋ ያበጠውን የድሮ ቴሌቪዥን አትጣሉብን። ዳክዬ የምንተኩስበት የጌም ሽጉጥ የሚሠራው በእሷ ብቻ ነው። ብርሃን የምትረጭበትን ቅጽበት ነው የሚያነብበው፤ ጠፍጣፋው ስክሪን አይመልስለትም። እናንተ ግን ጀርባዋን አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለች በኋላም ሰው የሚጥል ቮልቴጅ ይዛ ልትቆይ ትችላለች። ለጠጋኛችን ተዉላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን። ልጆቻችሁን አምጡ፤ መንካት ይፈቀዳል፣ መፍታትም ከጠየቁ ይፈቀዳል። ጨዋታው በነጻ ነው። የተሸነፈ ግን አሁንም ይነሳል።

አንድ አደራ። መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የተኛ ዕቃ ስታገኙ "ይሠራ ይሆን?" ብላችሁ ለመሞከር ይከጅላችኋል። እኛም ከጅሎን ሁለቱን አቃጥለናል። ሳትሰኩት አምጡት።