ስለ ልጆቹ ክፍል፤ ለሂሩትዬ

ይድረስ ለምወድሽ ሂሩትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የለንደን ብርድ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ለማን ሳይጽፍ እንደቆየ መቁጠር ከጀመርን ወረቀቱ እዚያው ላይ ያልቃል። ዝምታውን እኩል ተካፍለን እንለፈው።

ሰሞኑን እህትሽን ጀሞ ገበያ አገኘኋት። ቡና ሳንጠጣ አንለያይም ብላ ጎትታ ቤቷ አስገባችኝ፤ ያንቺንም ወሬ እዚያ ሰማሁ። ትንሹ ልጅሽ 10 ዓመት ሊሞላው ነው አለችኝ፣ እህቱ 13 ሆናለች፣ ሁለቱም የሚተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሂሩት በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አጥታለች። ሳቄ መጣ። ባንቺ አልሳቅሁም፤ እኔም ይህን ክረምት ሙሉ የተንገበገብኩት በዚሁ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የኛዋ 11፣ ወንዱ 7። ኮንዶሚኒየሙን ታውቂዋለሽ፣ ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የነሱ። አማቴ ከደሴ ሲመጡ ሳሎኑም መኝታ ይሆናል።

እህትሽ የእንግሊዝን ሕግ ሳይቀር ዘርዝራ ነግራኛለች። በ1985 የወጣው የቤት ሕግ ወንድና ሴት ልጆች አንድ ክፍል ሲተኙ እንደ መጨናነቅ የሚቆጥረው 10 ዓመት ከሞላቸው ነው፤ ከዚያ በታች ያሉትን ለዚህ ጉዳይ አይቆጥራቸውም። ግን ያው ሕግ ሳሎኑንም ሰው ሊተኛበት እንደሚችል ክፍል ስለሚያየው፣ ሳሎን ካለሽ በሕጉ አፍ «አልተጨናነቅሽም» ልትባዪ ትችያለሽ። ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢሽ አስተዳደር፣ ቤት ሲደለድል የሚጠቀምበት መለኪያ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ማመልከቻሽን ከማስገባት ወደኋላ አትበዪ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ይህን ለጎረቤቴ ለዘይነብ ሳወራላት «እኛም ዘንድ እኮ ልጆች 10 ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸውን ለዩ የሚል ሐዲስ አለ» አለችኝ። ፓርላማና ሐዲስ አንድ ቁጥር ላይ ሲገናኙ እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ የልጄን ዕድሜ በጣቴ ቆጠርኩ። እሷ አልፋዋለች፣ እሱ ገና ነው።

አባታቸው መጀመሪያ ያሰበው ተደራራቢ አልጋ ነበር። ከብየዳ ቤት ያሠራል፣ ቦታ ይተርፋል፣ አለቀ። ሄጄ አየሁት፤ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ የላይኛው አልጋ መከላከያ ግን ልክ የተወሰደው ፍራሽ ሳይኖርበት ነው። እኛ አገር የሚሸጠውን ወፍራም ስፖንጅ ስትጭኚበት መከላከያው ተውጦ ይቀራል። አሜሪካኖቹ በደንባቸው መከላከያው ከፍራሹ አናት በላይ ቢያንስ 5 ኢንች፣ 13 ሴንቲ ሜትር ግድም፣ ከፍ እንዲል ያዝዛሉ፤ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅም የላይኛው አልጋ ላይ እንዳይተኛ ያስጠነቅቃሉ። የኔው ስድስትን አልፏል፣ ግን በእንቅልፉ የሚንከባለል ልጅ ነው። ደግሞስ ተደራራቢ አልጋ ሁለት መኝታ ይሰጥሻል እንጂ ለልጅቷ ልብስ መቀየሪያ ጥግ አይሰጣትም። ችግራችን የመኝታ ቢሆን ኖሮ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተንም አድገናል።

ቀጥሎ ክፍሉን በጂፕሰም ቦርድ ለሁለት እንክፈለው አለ። መስኮቱ አንድ ነው። ከከፈልነው አንደኛው ልጅ ብርሃንም አየርም የሌለው ጓዳ ውስጥ ይገባል፣ ያም ወንዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ጨለማ ይፈራል። እዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን፤ ዝርዝሩን ተይው።

አራት ኪሎ የነበረው የእናንተ የቀበሌ ቤት ትዝ አለኝ። አንቺና ወንድሞችሽ ቆጡ ላይ ትተኙ ነበር። ጠዋት እናትሽ ከታች ሆነው «ወንዶች ውጡ!» ይላሉ። ወንድሞችሽ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ደጃፉ ላይ ይደረደራሉ፣ አንቺ ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ፣ ጸጉርሽን ተሠርተሽ ትወርጃለሽ። በር የለ፣ መጋረጃ የለ። ግን ያችን ሰዓት የሚደፍር አልነበረም። እኛ ግድግዳ ስናስብ ከረምን፤ እናቶቻችን ሰዓት ነበር የሚያካፍሉት።

እኔም እንደዚያው አደረግሁ፣ ከትንሽ የዕቃ ሽግሽግ ጋር።

ሁለቱን ሜትር ከሃያ አልጋዎች አውጥቼ በዘጠና ቀየርኳቸው። እንዲሁ በነፃ 60 ሴንቲ ሜትር አገኘሁ፤ በኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ 60 ሴንቲ ማለት መተላለፊያ ነው። የሷ አልጋ መስኮቱ ሥር ሆነ፣ የሱ በሩ አጠገብ። ማታ ለሽንት የሚነሳው እሱ ስለሆነ በሷ በኩል ማለፍ የለበትም። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቅቀን መሃል ላይ አቆምነው፤ በሮቹ ወደሷ፣ ጀርባው ወደሱ አልጋ። የቀረውን ክፍተት መጋረጃ ይዘጋዋል፣ ቀን ቀን ተሰብስቦ ስለሚውል ብርሃኑ ለሁለቱም ይደርሳል። የቁም ሳጥኑ ጀርባ ባዶ ቺፕውድ ነበር፤ አሁን በኳስ ተጫዋች ፎቶ ተሞልቷል።

ቁም ሳጥን መሃል ቤት ማቆም ቀልድ እንዳይመስልሽ። ልጅ መሳቢያውን ስቦ ከተንጠለጠለበት ይወድቃል። የኛ ግድግዳ ደግሞ ባዶ ብሎኬት ስለሆነ ቡሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ ፊሸሩ፣ ይላላና ከነቡሎኑ ይወጣል። አናጺው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቁም ሳጥኑን ከታች ከልጁ አልጋ ፍሬም ጋር በቡሎን አሰረው፣ ከላይ ደግሞ በጎኑ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ሁለት ቦታ ያዘው። አሁን ብትገፊው አልጋውን ይዞ ካልሆነ አይሄድም።

አንድ ነገር ብቻ እኛ ትልልቆቹ አላየነውም ነበር። ቁም ሳጥኑ ወደሷ ከተከፈተ የወንዱ ልብስ የት ይሁን? እሷ ናት ያሰበችው፤ «ካልሲ ሊፈልግ በመጣ ቁጥር መጋረጃው ምን ዋጋ አለው?» አለችን። እውነቷን ነው። ለሱ አልጋው ሥር ሁለት መሳቢያ አሠራን። ቀለሙንም እነሱው መረጡ። ባለ ቀለም ሱቁ ሴትና ወንድ እንደሆኑ ሲሰማ ሮዝና ሰማያዊ ቆርቆሮ ደረደረልኝ፤ ልጆቼ አረንጓዴ ይዘው ወጡ።

አሁን ሰዓቱን ልንገርሽ፣ ዋናው እሱ ነው። ወንዱ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል። እሷ ዘንድሮ የስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ስላለባት እስከ አራት ሰዓት ታነባለች፤ የጣሪያው አምፖል ይጠፋና አልጋዋ ላይ የተቆነጠጠችው ትንሽ መብራት ትበራለች። ቁም ሳጥኑ ብርሃኑን ስለሚከልለው እሱ አይረበሽም፣ ፈሪ ስለሆነ እንዲያውም ያቺን ጭላንጭል ወዷታል። መብራቷ ቻርጅ የምትደረግ ናት፤ የኛን መብራት ታውቂው የለ! ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍሉ የሷ ነው፣ እሱ ሳሎን ቁርሱን ይበላል። እኔም ሆንኩ አባታቸው በዚያ ሰዓት ሳናንኳኳ አንገባም። አባታቸው ይህን ሲሰማ «በገዛ ቤቴ?» አለ፣ አሁን ግን ከሁላችንም በላይ የሚያንኳኳው እሱ ነው።

ወንዱ ግን «የኔ ሰዓትስ የታል?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍሉ የሱ ሆነ፤ እሷ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ እሱ በካልሲ ኳስ ግድግዳውን ይደበድባል። መርሐ ግብሩን ራሱ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈው፣ ፊደሉ ግማሹ ተገልብጧል፣ እርማት ግን አይቀበልም። ያለ ጭቅጭቅ የሚውሉ እንዳይመስልሽ። መጋረጃውን ማን ሳበው የሚለው ክርክር በየቀኑ አለ፤ እሱም አንዳንዴ በመጋረጃው ሥር በሆዱ እየተሳበ ይገባባታል። ይህ ሁሉ የጥቂት ዓመት ነገር እንደሆነም አውቃለሁ። እሱ አሥር ሲሞላው እሷ አሥራ አራት ትሆናለች፣ ያኔ የሱ አልጋ ወደ ሳሎን ይወጣል። የማይነቃነቅ ግድግዳ ያልፈለግሁትም ለዚህ ነው።

ወዳንቺ ልምጣ። ክፍልሽን ለልጅቷ ለቀሽ ሳሎን ልትተኚ እንዳሰብሽ እህትሽ ሹክ ብላኛለች። አትቸኩዪ። ከሥራ ማታ ነው የምትገቢው፤ ደክሞሽ መጥተሽ ልጆቹ ቴሌቪዥን እስኪያጠፉ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ልትጠብቂ ነው? ክፍልሽ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከገቡ ጀምሮ አንቺ እስክትተኚ ባዶ ነው። ያንን ሰዓት ለልጅቷ ስጫት። በሩን ዘግታ ትልበስበት፣ ታጥናበት፣ ከጓደኞቿ ጋር ታውራበት፣ ከፈለገችም ታልቅስበት። የ13 ዓመት ልጅ የምትፈልገው የሚዘጋ በር ነው፣ ማታ የምትተኛበት ክፍል ሁለተኛ ነው። ለመኝታው ደግሞ ክፍላቸውን እንደኛ በመደርደሪያና በመጋረጃ ክፈይው፤ ካውንስሉ እስኪመልስልሽ ያቆይሻል። ከዚያ በፊት ግን ልጅቷን ለብቻዋ ጠይቂያት፣ ወንድሟ ባለበት አይሆንም።

ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደልሽ ሁለት ግድግዳ መሃል ተወጥሮ የሚቆም የመጋረጃ ዘንግ አለ። ከባድ መደርደሪያ ግን ሳይታሰር እንዳታቆሚ፤ አከራይሽን በጽሑፍ አስፈቅደሽ እሰሪው። አልጋውን ማሞቂያው ላይ አታስጠጊ። ቁም ሳጥንም ከውጭው ግድግዳ ትንሽ ፈቀቅ ይበል፤ በእናንተ ብርድ አየር ካላለፈበት ጀርባው ሻጋታ ያበቅላል ይላሉ። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድም ማታ በጨለማ የሚኬድበት ይሁን።

የክፍሉን ርዝመትና ስፋት፣ መስኮቱና ማሞቂያው የት እንዳሉ፣ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ፣ ወረቀት ላይ ጫር አድርገሽ ፎቶውን ላኪልኝ። አባታቸው ይህን ነገር ከወደደው ወዲህ የጎረቤቱን ሁሉ ክፍል እየለካ ነው፣ ያንቺንም ንድፍ አወጣለሁ ብሎ ተቀምጧል። ልጆቹን ሳሚልኝ። ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ።

ያንቺው ትዕግስት
ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ