ባጃጇ አልተሸጠችም

ሙሌ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትል አውቃለሁ። «ምን ፈልጎ ነው?» ልክ ነህ፣ ፈልጌ ነው። ስድቡን አቆይልኝ።

ታናሼን መኪና ገጨው። ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል። ዓይኑን ይገልጣል፣ በራሱ ይተነፍሳል፣ «እጄን ጨበጥ አድርገኝ» ስትለው ግን ምንም የለም። ሐኪሙ «አይሰማም» አለን፣ አመንን። ታዲያ እዚያው ራስጌው ቆመን ባጃጇ ትሸጥ አትሸጥ ተጨቃጨቅን። ስለ ቀብርም ተነሳ። ማን እንዳነሳው አትጠይቀኝ... እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ሌሊት ሌሊት አነባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ላይ እነ አድሪያን ኦወን የሚባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች በመኪና አደጋ የተጎዳች የ23 ዓመት ልጅ ኤምአርአይ ውስጥ፣ አንጎል ሲሠራ የሚያሳየው ማሽን ውስጥ፣ አስገቡ። አምስት ወር ለሚያናግራት ሁሉ መልስ የላትም። «ቴኒስ ስትጫወቺ በሐሳብሽ ይታይሽ» አሏት። አንጎሏ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚታቀድበት ቦታ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ሠራ! «ቤትሽ ውስጥ ከክፍል ክፍል ዙሪ» ሲሏት ደግሞ ሌላው ቦታ። በ2024 የወጣው ጥናት ይብሳል፦ ሲታዘዙ ንቅንቅ ከማይሉ 241 ሕመምተኞች 60ዎቹ ውስጥ ውስጡን ይታዘዙ ነበር። ከአራት አንዱ በለው።

እኛ ይህን የሚያይልን አላገኘንም። ግን ሐኪሞች ዓይን ይከተል እንደሆነ ለማየት የእጅ መስታወት ይጠቀማሉ፣ ሰው የራሱን ፊት ቶሎ ስለሚከተል። ከሱቅ አንዲት ክብ መስታወት ገዛሁ፣ ጀርባዋ ላይ ጽጌረዳ ያለባት። ፊቱ ላይ ይዤ ቀስ አድርጌ ወደ ግራ ወሰድኳት። ዓይኑ ተከተለ። ወደ ቀኝ መለስኳት፣ ተከተለ! ነርሷን ጠርቼ ስደግመው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በአዘኔታ አየችኝ። እንዲህ መጣ ሄድ እንደሚል አንብቤያለሁ ብላት ደግሞ ምን ትለኝ ይሆን፣ ዝም አልኩ።

የቴኒሷንም ሞክሬያታለሁ፣ አትሳቅ። እሱ ቴኒስ የት ያውቅና፣ «ፍጹም ቅጣት ምት ልትመታ ነው» አልኩት። ያግባው ይሳተው እሱ ያውቃል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አንተ ስትሰድበው መልስ አጥቶ አያውቅም። በቴሌግራም ድምፅህን ላክልኝ፣ ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። በዚያች በሰፈር ስሙ ጥራው። የበላህን 300 ብር ጠይቀው። እንዳታለቅስበት ብቻ። ደግሞ ባጃጇ አልተሸጠችም በለው፤ እኔ ልነግረው ስል ድምፄ እምቢ ይለኛል።