ደብዳቤ ለልጄ፦ ጎፈሩ እንዳያታልልሽ

ሜሮን ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለሁለተኛ ዲግሪሽ መንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ ያሉትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ልታጠኚ መሆኑን ከሰማች ወዲህ እናትሽ የምታወራው ስለ መንዝ ብርድ ብቻ ነው። ስለ ብርዱ የሚባለውን ሁሉ ከእርሷ ስለምትሰሚ እኔ ወደ ሌላው ልሂድ።

ቦታውን ለማየት በሄድሽ ጊዜ የላክሽልንን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ያምራሉ። ነገር ግን ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ ያለው ያው ጎፈራሙ ወንድ ነው፤ ሲያዛጋ፣ ክራንቻውን ሲያሳይ፣ ነፋስ ጎፈሩን ሲበትነው። ሴቶቹ ከፎቶው ዳር ግማሽ አካላቸው ተቆርጦ ቀርቷል። ለሽርሽር ሄደሽ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። አንቺ ግን ለጥናት ነው የምትሄጂው፤ ዕድሜውን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማረ አባት ደግሞ ይህን አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። ወንዱ እንግዳ ነው፤ ቤቱ የሴቶቹ ነው።

የጭላዳ ቤተሰብ አንድ አውራ ወንድ፣ ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት የሚደርሱ ሴቶችና ግልገሎቻቸው የሚኖሩበት ነው። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ እናት፣ ልጅ፣ እኅት፣ አክስት። ሴት ከተወለደችበት ቤት አትወጣም። ወንዱ ግን ሲጎረምስ ወጥቶ ከመሰሎቹ ወንደላጤዎች ጋር ይንከራተታል፤ ጉልበቱ ሲጠና አንዱን አውራ ገጥሞ ቤቱን ይወስዳል። ጥቂት ዓመት ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ እርሱም በተራው ባለጉልበት ይመጣበታል። ሜዳው ላይ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሆነው ሲሰማሩ የምታዪው መንጋ የእነዚህ ትንንሽ ቤቶች ስብስብ ነው። ተመራማሪዎቹ ሮቢን ዳንባርና ባለቤቱ ፓትሪሽያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰሜን ተራሮች ሳንቃበር ላይ ተቀምጠው ማን የማንን ጠጉር እየበተነ እንደሚቀምል ሲከታተሉ፣ ቤቱን አጣብቆ የያዘው የአውራው ኃይል ሳይሆን የሴቶቹ ዝምድና መሆኑን አይተዋል። አውራው ሴቶቹን ከቦታ ቦታ የሚነዳ ይመስላል እንጂ እነርሱ ወደማይፈልጉበት ብዙ ርቀት መውሰድ አይችልም።

አንዳንዱ ቤት ሁለተኛ ወንድ አለው። ሲያዩት ለአውራው ያደረ ሎሌ ይመስላል፤ ከሚወለዱት ግልገሎች ጥቂቶቹ ግን የእርሱ ናቸው። አውራውም በዚህ ድርድር አልከሰረም፤ እንዲህ ያለ ደጋፊ ያለው አውራ በሥልጣኑ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የእኛ የሰዎች ታሪክ ውስጥም ይህን የመሰለ ውል አይጠፋም፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

አዲስ አውራ ሲገባ የሚሆነው ለመስማት ይከብዳል። የምታጠባ እናት ቶሎ ስለማትፀንስ፣ አዲሱ ወንድ የቀድሞውን ግልገሎች የሚገድልበት ጊዜ አለ። ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው የሚጠብቁ አይምሰልሽ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የሰሜን ተራሮች ጥናት የእንስቶቹን ዓይነ ምድር እየሰበሰበ ሆርሞኑን ሲለካ፣ አዲስ አውራ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነፍሰ ጡር ከነበሩት 80 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸው መጨንገፉን አገኘ። በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ይህ ነገር ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። በዱር በሚኖር እንስሳ ላይ እንዲህ ጎልቶ የታየው ግን በእኛው ተራራ ላይ ነው። ሲታይ ጭካኔ ይመስላል፤ ሒሳቡን ስትሠሪው ግን እርግዝናው ስድስት ወር ነው፣ ከዚያ ማጥባት አለ፣ መጨረሻው ደግሞ የግልገሉ መገደል ሊሆን ይችላል። ጽንሱ የጨነገፈባቸው ሴቶች ቀጣዩን ግልገል ቶሎ ወልደዋል። ማንም አስቦበት ያደረገው አይደለም፤ አካላቸው ነው የሚያደርገው። ስትጽፊ «ወሰነች» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ እንዳትጠቀሚ።

የተሸነፈው አውራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ርቆ አይሄድም። የደረቱ ቅላት እየደበዘዘ እዚያው ጥግ ይዞ ይኖራል፤ የተረፉ ልጆች ካሉት አጠገባቸው ይውላል። ፎቶ የሚያነሣው የለም። እኔ ብሆን እርሱን አነሣ ነበር።

አባት ለልጁ የሚጽፈው ነገር ባይሆንም ባዮሎጂ ነውና ይህንንም ልጨምር። ሴቷ ከአውራው ተደብቃ ከሌላ ወንድ ጋር ስትገናኝ፣ ሁለቱም በዚያ ሰዓት የሚያሰሙትን ድምፅ ያፍናሉ፤ ያውም አውራው ራቅ ያለበትን ጊዜ መርጠው ነው። ከተያዙ ቅጣት አለ። እንግዲህ አንቺ ድምፁን ብቻ ቆጥረሽ ውጤት ብታወጪ ምን ያህል እንደሚያመልጥሽ አስቢው።

አሁን ወደ ሰውነቷ እንምጣ። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች የተባለችው ዝንጀሮ ጭላዳ ሳትሆን አትቀርም እላለሁ። አብዛኛውን ቀን ተቀምጣ ነው የምትግጠው። ፊት ለፊቷ ያለው ሣር ሲያልቅ አትነሣም፤ በመቀመጫዋ ተንፏቅቃ ወደሚቀጥለው ትጠጋለች። ለዚህም የሚሆን ወፍራም ስብ ያለበት መቀመጫ አላት። እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ነገር አለ። በሌሎች ዝንጀሮዎች ዘንድ ሴቷ ለመፅነስ መድረሷ የሚታወቀው መቀመጫዋ ሲያብጥና ሲቀላ ነው። ተቀምጣ ለምትውል እንስሳ ይህ ምልክት ምን ይጠቅማታል? ስለዚህ ምልክቱ ደረቷ ላይ ይታያል፤ መሐሉ ጠበብ፣ ላይና ታቹ ሰፋ ያለ ጠጉር አልባ ቆዳ ነው፤ ጊዜዋ ሲደርስ ዙሪያው ዶቃ የተደረደረበት ይመስላል። ወንዱም ደረቱ ላይ ያው ዓይነት ቆዳ አለው፤ የእርሱ ቅላት ግን የሚነግርሽ ማዕረጉን ነው። አውራ ሲሆን ይደምቃል።

እጇን በርቀት ማሳያ መነጽር ተመልከቺው። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ጫፍ ለጫፍ የሚገጥሙበት ልክ ከሰው በስተቀር በአፍሪካና በእስያ ካሉ ጦጣዎች፣ ዝንጀሮዎችና ጎሪላዎች ሁሉ ይበልጣል። በሁለቱም እጆቿ እያፈራረቀች ሣሩን አንዳንድ ቅጠል እየመረጠች ትነጫለች፤ መዳፏ ሲሞላ ወደ አፏ ትልካለች። ከብት ያላመጠውን መልሶ ያመነዥካል፤ ጭላዳ ይህ ዕድል የላትም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የወደቀው መንጋጋዋ ላይ ነው፤ የመንጋጋ ጥርሶቿ ረጃጅምና ሸንተረር የበዛባቸው ናቸው፤ ሣሩንም በጣም አድቅቀው ይፈጩታል። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1835 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቃት ከዝንጀሮ መንጋ ውስጥ አንዷ መስላ ነበር። ዛሬ ግን ዘመዶቿ ሁሉ ያለቁባት የአንድ ወገን የመጨረሻ ተወካይ መሆኗ ይታወቃል። የወገኖቿ ቅሪተ አካል ከኦሞና ከአፋር እስከ ኬንያ፣ አልፎም እስከ ስፔን ድረስ ተገኝቷል። አንዳንዶቹ ከዛሬዋ ጭላዳ በብዙ የሚገዝፉ ነበሩ። ሁሉም አልቀው ደጋ ላይ የቀረችው ይህችው ናት።

ጓሳን መምረጥሽ ደስ ያሰኘኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ የተሠሩት የቆዩ ጥናቶች ጭላዳ ከሣር ሌላ እምብዛም አትበላም ይላሉ። እርሻና ከብት ያላጣበበው ጓሳ ላይ ግን ከምትበላው ሣር የሚሆነው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ብቻ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ቅጠላ ቅጠል ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የበረሃ አንበጣ ጓሳ ላይ ሲሰፍር ጭላዳዎቹ ሣሩን ትተው አንበጣ ሲለቅሙ ታይተዋል። ስለዚህ «ሣር በል» የሚለው ስም እውነት ቢሆንም፣ ከፊሉን የፈጠረው እኛ ያስቀረንላት ነገር ሊሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ ብትከታተዪው ደስ ይለኛል።

ቀይ ቀበሮውን ማየትሽ አይቀርም። መንጋው መሐል በቀስታ ይሄዳል፤ ጭላዳዎቹም ቀና ብለው አይተው መጋጣቸውን ይቀጥላሉ። ውሻ ቢሆን ሁሉም ወደ ገደሉ በሮጡ ነበር። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው፤ አንድ ጥናት እንዳሳየው በጭላዳዎች መሐል ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ነው የሚሳካለት። አንድ ጊዜ አንዱ ቀበሮ ግልገል ለመንጠቅ ሞክሮ መንጋው ተነሣበት፤ ግልገሉን አስጥለው አባረሩት፣ ተመልሶ እንዳይጠጋም ከለከሉት። ትዕግሥታቸው ልክ አለው።

ከገበሬዎቹ ጋር ስትነጋገሪ ስለ ጭላዳ ውበት አትጀምሪ። የማሳው ገብስ ሲደርስ ልጅ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ለጨዋታ አይደለም። ያ ሜዳ እስከ ዛሬ ሊቆይ የቻለውም በእነርሱ አያት ቅድመ አያቶች ነው፤ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች ጓሳውን ለዓመታት እየዘጉ፣ የቤት ክዳን ሣር የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ በሽማግሌ እየወሰኑ ነው ያቆዩት። መጀመሪያ እነርሱን ስሚ።

ስለ ማስታወሻ አያያዝሽ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ ጎብኚው ሁሉ «ተቆጣ» ይላል። ይህ ብዙ ጊዜ የፍርሃት ወይም የመለሳለስ ምልክት ነው። የሚያስፈራራ ጭላዳ ቅንድቡን ወደ ኋላ ስቦ ነጣ ያለውን የዐይን ቆቡን ያሳያል። ስለዚህ ያየሽውን ጻፊ፤ «ከንፈሩን ገለበጠ»፣ «ቅንድቡን ሳበ»። ትርጉሙን ማታ ካምፕ ገብተሽ ትደርሺበታለሽ። ዐይን ለዐይን አፍጥጠሽ አትዪያቸው፤ ጎንሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ።

አካላቸው ላይ ትልቅ እብጠት ያለባቸው ታገኛለሽ። ከውሻና ከመሰሎቹ የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዘመድ የሚያመጣው ነው፤ እናቲቱ እብጠት ካለባት ግልገሏም የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። እንዲህ ያለችውን አትንኪ፤ መዝግቢና ለአማካሪሽ ንገሪ። የመንደሩ ውሾች ወዴት እንደሚውሉም አብረሽ ብትመዘግቢ ጥሩ ነው።

እናትሽ ጋቢና በሶ በመኪና ልካልሻለች። ጋቢውን ለብሰሽ ውጪ። በሶውን ግን ሜዳ ላይ እንዳታወጪው፤ አንድ ጊዜ የሰው ምግብ የቀመሰ ጭላዳ ከዚያ በኋላ የሚከታተለው ቦርሳሽን ነው፣ የአንቺም ጥናት ስለ ቦርሳ ይሆናል።

አባትሽ