የጥብቅና ቢሮ የሚከስረው በቀጠሮ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አነስተኛ ንግድ በምታወጧቸው ጽሑፎች ሱቁ፣ ዳቦ ቤቱና ጋራዡ ተደጋግመው ይነሳሉ። የጥብቅና ቢሮም ኪራይ የሚከፍል፣ ሠራተኛ የሚያስተዳድር፣ ግብር የሚጠየቅ ንግድ መሆኑ ግን ይረሳል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ ፈቃድ አውጥተው ቢሮ የከፈቱ ወጣት ጠበቆች ደንበኛ ሳይጠፋ ገንዘብ ያጥራቸዋል። እኛ እንደምናየው የችግሩ ሥር አንድ ነው፤ ዋጋ ሲቆረጥ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይቆጠርም።

ሁለት ጠበቆች በጋራ የያዙትን ቢሮ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ በራሱ ይተካቸው። ኪራይ 15,000 ብር፣ የጸሐፊና የረዳት ደመወዝ 19,000፣ ወረቀት፣ ቶነር፣ ስልክ፣ ኢንተርኔትና መብራት 6,000፣ መጓጓዣ 5,000፤ በወር 45,000 ብር ሆነ። ባለቤቶቹ ለራሳቸው ለእያንዳንዳቸው 30,000 ብር ደመወዝ ይቁረጡ። ይህን የማይቆርጥ ቢሮ ትርፍ የሚለው ገንዘብ ደመወዙ ነው። ጠቅላላው በወር 105,000፣ በዓመት 1,260,000 ብር ይመጣል።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ከ52ቱ ሳምንት ፍርድ ቤት ለክረምት የሚዘጋበትን ስምንት ያህል፣ ለበዓል፣ ለሕመምና ለለቅሶ አራት ስንቀንስ 40 ይቀራል። ጠበቃ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ቢውልም በደንበኛ መዝገብ ላይ በትክክል የሚያጠፋው ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት ብዙ አይዘልም። ለሁለት ጠበቃ በዓመት 1,600 ሰዓት ነው። ወጪው ለዚህ ሲካፈል አንዱ ሰዓት 788 ብር ገደማ ይወጣበታል። ግብርም ትርፍም ገና አልገባበትም።

አንድ ተራ የገንዘብ ክስ ምን ያህል ይፈጃል? ደንበኛውን መስማትና ሰነዱን ማየት 2 ሰዓት፣ ክሱንና የማስረጃ ዝርዝሩን ማዘጋጀት 8፣ ምስክር ማዘጋጀት 4፣ የመጨረሻ የክርክር ጽሑፍ 3። ቀጠሮው ሰባት ቢሆንና እያንዳንዱ በረንዳ ላይ ከመጠበቁ ጋር 3 ሰዓት ቢወስድ 21 ሰዓት ይጨመራል። ድምሩ 38 ሰዓት፣ ወደ 30,000 ብር ነው። «ዘመድ ነው፣ 15,000 ይበቃል» ተብሎ የተያዘ ጉዳይ ግማሹን ወጪ ጠበቃው ከኪሱ ይሸፍናል። ከሰባቱ ያለፈ እያንዳንዱ ቀጠሮ ደግሞ 2,364 ብር ይበላል።

ቀጠሮ የሚበዛበትን ምክንያት በሁለት መክፈል ይጠቅማል። ዳኛ አለመሟላትና የመብራት መጥፋት ከጠበቃው እጅ ውጭ ናቸው። መጥሪያ አለመድረሱ፣ ምስክር መቅረቱና ከመሥሪያ ቤት የታዘዘ ማስረጃ አለመምጣቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በክትትል ይፈታሉ። ክስ ሲጻፍ የተከሳሹ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ጎጡና ስልኩም ይያዝ። መጥሪያው ለማን፣ በምን ቀን እንደደረሰ ረዳቱ ከቀጠሮው አንድ ሳምንት በፊት ያጣራ። ለገጠር መሬት አስተዳደር የተጻፈ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሆነ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር እንደወጣለት አይቶ፣ ቁጥሩን በፋይሉ ጀርባ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ግማሽ ቀን የቆጠበ ቢሮ ሁለት ወር ይከፍላል።

የአገልግሎት ውሉ በጽሑፍና በደረጃ ይሁን። ውል ሲፈረም፣ መዝገብ ሳይከፈት 40 በመቶ፤ መልሱ ቀርቦ ክሱ ሲሰማ 30 በመቶ፤ ምስክር ተሰምቶ ሳይፈረድ ቀሪው 30። ቀሪውን ለፍርድ ማግሥት ማቆየት ትልቁ ስሕተት ነው። የተፈረደለት ሰው ሐሳቡ አፈጻጸም ላይ ነው፤ የተፈረደበት ደግሞ ለምን ልክፈል ይላል። ይግባኝና አፈጻጸም የየራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው፣ ክፍያው ስንት ቀጠሮ እንደሚሸፍንና ከዚያ በላይ በቀጠሮ ስንት እንደሚጨመር ውሉ ላይ ይቀመጥ። የዳኝነት ክፍያ፣ የባለሙያ አበልና የመስክ መጓጓዣ ከጥብቅናው ዋጋ ተለይተው በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጡ። የደንበኛን ገንዘብ ከኪራይ ጋር ያደባለቀ ቢሮ ሒሳቡ ብቻ ሳይሆን ፈቃዱም አደጋ ላይ ነው። የተፈረደለት ደንበኛ ወጪና ኪሳራ ሲጠይቅም የሚያቀርበው ይህንኑ ውልና ደረሰኝ ነው። ይህ ሲነገረው ደረሰኙን ራሱ ይጠይቃል።

ክፍያው ከደንበኛው ገቢ ጋር መጋጠም አለበት። ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ ለሚመጣ ገበሬ «በየወሩ መጨረሻ» ማለት ትርጉም የለውም። በልግ የሚያመርተው ሰኔና ሐምሌ፣ መኸር የሚያመርተው ከኅዳር እስከ ጥር ነው ገንዘብ የሚያገኘው። ከፋዩ አረብ አገር ያለ ልጅ ሲሆን ከፋዩም ደንበኛውም በስም ይለዩ፤ መመሪያ የሚሰጠው ደንበኛው እንጂ ላኪው አይደለም። ውክልናው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተፈርሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እስኪረጋገጥ ሳምንታት ይወስዳልና፣ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ገደብ፣ ካልተጣበበ በስተቀር መዝገብ ለመክፈት ቀን አትቁረጡ።

ወሎ ውስጥ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው የእርቅ ጉዳይ ነው። ክስ ከተከፈተ በኋላ ሽማግሌ ወይም አበጋር የሚባለው የወሎ ባህላዊ አስታራቂ ገብቶ ጉዳዩ ያልቃል። ይህ ለአገሩ በረከት ነው። ውሉ ስለ እርቅ ዝም ካለ ግን ጠበቃው ገንዘቡን ያጣል፣ ወይም እርቁን በልቡ ይጠላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። መፍትሔው አንድ አንቀጽ ነው፦ በእርቅ ካለቀ እስከዚያ የተደረሰበት ደረጃ ክፍያ ብቻ ይታሰባል፤ የእርቅ ስምምነቱን ማርቀቅና ፍርድ ቤት እንዲመዘገብ ማድረግ የተቆረጠ ዋጋ አለው። እንዲህ ሲሆን ጠበቃው በእርቁ አይጎዳም፣ ሽማግሌዎችም በደንብ የተጻፈ ሰነድ ያገኛሉ። የጋብቻና የውርስ ጉዳይ ሲመጣም ገና በመጀመሪያው ውይይት ወገኖቹ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ይስማሙ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። በተከራካሪዎቹ ፈቃድ የሚዳኝ ጉዳይ ነውና፣ ሳይጠየቅ የተከፈተ መዝገብ ከንቱ ልፋት ሊሆን ይችላል።

ውርስ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ወንድም ዛሬ፣ እኅት በሳምንቱ እዚያው ቢሮ ይመጣሉ። ስለዚህ ምክር ከመስጠት በፊት የሁለቱንም ወገን ስም እስከ አያት፣ ከቀበሌና ከይዞታ ደብተር ቁጥር ጋር የሚይዝ አንድ መዝገብ ይኑር። አራት ቀጠሮ ከሄዱ በኋላ በጥቅም ግጭት ከጉዳዩ መውጣት ገንዘብ መመለስን ያስከትላል።

የጊዜ ገደብ በሁለት ቦታ ይጻፍ፤ በፋይሉ ሽፋንና በቀን መዝገቡ ላይ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር ይታገዳል፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ወደ ጠበቃ የሚመጣው ሁለቱ ወር ካለፈ በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የፍርድ ቤት መዛግብት የጠፉበት አካባቢ መሆናችንም አይረሳ። ማኅተም ያረፈበት ቅጂና ስካን የሌለው ፋይል ፋይል አይባልም።

ደንበኛ በደላላ መሳብ የሙያ ሥነ ምግባር የሚከለክለው ነው፤ ሒሳቡም ቢሆን አያዋጣም። ደላላ የሚያመጣው ደንበኛ ዋጋ የተነገረው በደላላው ነው። ከዚያ ይልቅ ሁለትና ሦስት ቋሚ የማማከር ውል ይፈለግ፤ የትራንስፖርት ማኅበር፣ ተቋራጭ፣ ሕብረት ሥራ ዩኒየን። ወርኃዊው ክፍያ ስንት ውል ማየትን እንደሚጨምር ተወስኖ ችሎት መቆም ለብቻው ይከፈል። ነሐሴና መስከረም ላይ የቢሮውን ኪራይ የሚከፍለው ይህ ገቢ ነው። አንድ ደንበኛ ከገቢው ሲሶ በላይ ከሆነ ግን እሱ ሲሄድ ቢሮው ይዘጋል።

ግብርን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ቢሮ 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ ይሁን ከዋጋው ውጭ ውሉ ላይ ካልጻፈ ከራሱ ይከፍላል። ድርጅቶች ቀንሰው የሚያስቀሩት ቅድመ ግብር ደረሰኝም በዚያው ወር ይሰብሰብ፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚገኘው በብዙ ልመና ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ይችላሉ። በክልል ፈቃድ የሚሠሩት የክልሉን ፍትሕ ቢሮ ይጠይቁ። በየትኛውም መንገድ ለሚጣመሩ ግን ማን ደንበኛ እንዳመጣና ማን ሰዓት እንዳፈሰሰ በየወሩ ተመዝግቦ የሁለቱም ድርሻ በመቶኛ ይቀመጥ። አብዛኛው ሽርክና የሚፈርሰው አንዱ ገበያ ሲያመጣ ሌላው ችሎት ሲውል፣ ሁለቱም እኔ በለጥኩ ብለው ነው።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንድ ጥያቄ አለን። ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ከክስ ጽሑፍ በተጨማሪ አንድ የተዘጋ መዝገብ ይሰጣቸው። ስሞቹ ተሰርዘው ቀጠሮዎቹን ይቁጠሩ፣ እያንዳንዱ ለምን እንደተቀጠረ ይጻፉ፣ ሰዓቱን አባዝተው የተከፈለው ዋጋ ይመልስ እንደነበር ያስሉ። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፤
በደሴና በኮምቦልቻ በጥብቅና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች