ቦዲው ገጠመ

አባየ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ዓይንዎስ እንዴት ሆነ? እኛ ደኅና ነን። የጦሳ ተራራ እንደ ልማዱ ጭጋጉን ለብሷል። ይህን እህቴ ታነብልዎታለች፤ መሃል ላይ ደርሳ ብትቆጣ አይፍረዱባት።

አጎቴ ከጅዳ ያመጣልኝን በሪሞት የሚሄድ ቀይ መኪና ያስታውሱታል? ከቡፌው ላይ አወረድኩት። ያው እንደተጣመመ ነው። ጣሪያው ሰምጧል፤ ጎኖቹ ተከፍተው የብሎን ቀዳዳዎቹ ከሻሲው ጋር አይገናኙም። ያኔ «ተቀመጠችበት» ብዬ እህቴን አስኮረኮምኳት። ውሸቴን ነበር። ቦርከና ወንዝ ወስጄ ጭቃ በጭቃ አደረግሁት። አጠብኩትና እንዳይታወቅብኝ ቶሎ እንዲደርቅ ከሰል ማንደጃው ሥር አስቀመጥኩት።

እርስዎም በእጅዎ ሞከሩና «ፕላስቲክ መዶሻ አይገባውም» ብለው ተዉት። ስንቱን የጭነት መኪና ላሜራ ያቀኑ ሰው፣ በአሻንጉሊት መሸነፍዎ ያንገበገብዎት ይመስለኛል።

ለካ የሚፈልገው ሙቅ ውኃ ኖሯል። ቦዲው ኤቢኤስ የሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ በደንብ የሚላላው 105 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ ፕላስቲኩን ለእጅ እሺ ያሰኘዋል እንጂ አያቀልጠውም። (ከውስጥ በኩል የሚቀባው ስስ የፖሊካርቦኔት ቦዲ ቢሆን ኖሮ አልችለውም ነበር። እሱ 147 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል።)

ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። ጓንት አጥልቄ ጣሪያውን ከውስጥ በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ጎኖቹን ሰበሰብኩና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተትኩት። ሳይበርድ ለቀቅኩት መሰለኝ፣ ተመልሶ ተከፈተ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው በእማየ መቀነት ጠፍሬ አስሬ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ያዘ! መሃል ላይ ችኩልነቴ አገርሽቶብኝ የፀጉር ማድረቂያ ሞክሬ ነበር። የኋላው ቀለም አረፋ ሠራ። በስንት ልመና የተዋስኩትን መለስኩት።

አሁን አራቱም ብሎኖች ገብተዋል። የቀኝ የፊት ፓራፋንጎ ግን ወደ ላይ ከፍ ያለ ይመስለኛል፤ ጓደኞቼ «የለም፣ ልክ ነው» ይሉኛል። እርስዎ ላሜራ የሚፈትሹት ዓይንዎን ጨፍነው በመዳፍዎ ነበር። ሲመጡ ዳብሰው ይንገሩኝ፤ እስከዚያ ስቱኮም ቀለምም አላስነካውም።

እህቴን ደግሞ ይቅርታ በሉልኝ።

ልጅዎ