ማኅተሙን ለምን ጨመርክበት?

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ሙቀቱን ታውቀዋለህ፤ ፍራሽ አውጥተን በረንዳ ላይ መተኛት ጀምረናል። የአባትህ ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል። ግን አሁንም ከዚራ ድረስ በእግሬ ካልሄድኩ ይላል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለቴ ሞከርኩ። ሁለቴም "አቦ እማዬ፣ ፉገራ እኮ ነው" ብለህ ወሬ ቀየርክ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። አባትህ "በቴሌግራም ጻፊለት" ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። በቴሌግራም የወጣ ነገር የት የት እንደሚደርስ አሁን አይቻለሁ።

የምጽፍልህ ስለዚያች ስለለቀቅካት ምስል ነው። "መጨናነቅን ለመቀነስ ሲባል ስማችሁ ከሀ እስከ ነ የሚጀምር በምርጫው ዕለት፣ ከአ እስከ ፐ የሚጀምር በማግስቱ ድምፅ ትሰጣላችሁ" ትላለች። ከላይ የምርጫ ቦርድ ዓርማ፣ ከታች ክብ ማኅተም። ለዶርም ጓደኞችህ ብለህ ሠራሃት፣ ሳቃችሁባት፣ በነጋታው አጠፋሃት። እሺ። አንተ ስታጠፋት ግን እሷ ድሬዳዋ ገብታ ነበር። በሦስተኛው ቀን የእድራችን ግሩፕ ውስጥ አገኘኋት። ጎረቤታችን፣ ሳምቡሳ የምትጠብሰው፣ ቡና ላይ ምን አለችኝ መሰለህ? "የኔ ስም በዘ ስለሆነ ማግስቱን ነኝ። ደግ ነው፣ ሰልፉ ይቀላል።"

የማን ሥራ እንደሆነች ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አንተው ቀድመህ ልከህልኝ ነበር። ከአራት የሚስቁ ፊቶች ጋር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። ስለ ምርጫ እንዲህ ያለ ውሸት የሚያሰራጭ ሰው ሊታሰር ይገባል? የሰው ልጅ ቢሆን ቶሎ እፈርድ ነበር። የኔው ሲሆን ቀስ ብዬ ማሰብ ግድ ሆነብኝ።

በ2013 ምርጫ አስፈጻሚ እንደነበርኩ ታስታውሳለህ። ሰኔ 14፣ ሰኞ። ጠዋት 12 ሰዓት ከፍተን ማታ 12 ሰዓት ልንዘጋ ነበር። ሰልፉ አላልቅ ሲል ቦርዱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመው። ስንቆጥር አድረን ውጤቱን በሩ ላይ ለጠፍን። ጠዋት ዕቃ ስንሰበስብ አንዲት ሴት መጣች። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ካርዷን በፌስታል ጠቅልላዋለች። ትናንት ተሰልፋ ሳለ ልጇ አተኩሶት ወጣች። ልትመለስ ስትል ጎረቤቷ ከስልክ ላይ አነበበችላት፤ "ድምፅ መስጠቱ ነገም ይቀጥላል" ይላል። እሷም ልጇን ታቅፋ አደረች።

አልቋል አልናት። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ትኩር ብላ አየችው። ማንበብ አትችልም። ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ አስኬደችና "የኔስ የትኛው ላይ ነው የገባው?" አለችኝ።

ምን ልበላት? አልጮኸችም፣ ማንንም አልሰደበችም። ካርዷን መልሳ በፌስታሉ ጠቅልላ ሄደች።

ያን መልእክት የጻፈውን ባገኘው በጆሮው ይዤ ነበር የምወስደው። ፈለግኩት። መጀመሪያ ያገኘሁት ምን ነበር? ነገሩ ጭራሽ ውሸት እንዳልነበር። ሲዳማ ውስጥ በአንዳንድ ቦታ የድምፅ መስጫ ወረቀት አጥሮ ምርጫው እውነትም በማግስቱ ቀጥሏል። መንገድ ላይ አንዱ "ሲዳማ" የሚለውን ቆርጦ ጣለው፣ ወይም ሳያነበው አለፈ። እውነቱ ድሬዳዋ ሲገባ ውሸት ሆነ። ሁለተኛው ግኝቴ የባሰ ነው። እኛ ሰፈር ያስገባችው የሐረሯ አክስትህ ናት።

አትሳቅ። ሐረር በዚያ ቀን ምርጫ አልነበረም። ከሶማሌ ክልል ጋር ለመስከረም 20 ቀን 2014 ተላልፎ ነበር። ስለዚህ አክስትህ ሥራ ፈት ነበረች። ፈረስ መጋላ አጠገብ ቤቷ ቁጭ ብላ ያገኘችውን ሁሉ ለድሬዳዋ ዘመድ ስትልክ ዋለች። ልርዳቸው ብላ እኮ ነው! ደግሞ አስበው፤ "ሐረር ምርጫው ተራዝሟል" ሲባል "ውሸት ነው፣ ሰው እንዳይወጣ የተወራ ነው" ብለው የተቆጡ ነበሩ። እውነት ነበር። እኛም ድሬዎች መጀመሪያ የተቀጠርነው ከአዲስ አበባ ጋር ለሰኔ 5 ነበር፤ የሌላው አገር ግንቦት 28 ነበር። በኋላ ነው ሁሉም አንድ ላይ ሰኔ 14 የሆነው። በእኛ አገር የምርጫ ቀን ይቀየራል። "ቀኑ ተቀየረ" ያለውን ሁሉ እናስር ብንል መጀመሪያ የምትገባው አክስትህ ናት። ከዚያ ደግሞ እውነቱን የተናገረው ሰው።

አዋጅ የለም እንዳትለኝ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1185/2012። የጡረታ ሰው ጊዜ አለው፤ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ አለበት። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ግን ትርጉሙ ላይ ቆም ብለህ እይ። መረጃው ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሰራጨ ይላል። በዚያ ላይ ሁከት፣ ረብሻ፣ ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። እንግዲህ ያቺን ሴት አስባት። ምን ሁከት አስነሳች? ጠቅልላ ሄደች እኮ። ሰውን ሳያጋጭ፣ ድንጋይ ሳያስወረውር፣ ዝም ብሎ ከቤት የሚያስቀር ውሸት እዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። "ማወቅ ሲገባው" የሚለው ግን አክስትህን ሊይዛት ይችላል። መያዝ ያለበትን ለቅቆ መያዝ የሌለበትን የሚይዝ መረብ ሆነብኝ።

ለእኔ ነገሩን የሚፈታልኝ ወንዛችን ደቻቱ ነው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ ሲመጣ አንተ ገና ጡት ትጠባ ነበር። ደቻቱ ክፉ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ በዘነበው ይሞላል። ሰማዩን አይተህ አታረጋግጥም። የነገረህን ማመን ብቻ ነው ያለህ ምርጫ። ከዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ አሸዋው ላይ ሰልባጅ ስመርጥ ከወደ ላይ አንድ ሰው "ጎርፍ መጣ!" ብሎ ጮኸ። እኔም አንተን እንዳዘልኩ "ጎርፍ መጣ!" እያልኩ ሮጥኩ። ገበያው በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ስንመለስ አሸዋው ደረቅ ነው። የአንዷ ነጋዴ ሁለት ቦንዳ ልብስ የለም።

የመጀመሪያው ሰው የጮኸው ለዚያ ነበር። እኔና እሱ ያልነው ቃል አንድ ነው። እንዲያውም የኔ ድምፅ ሳይበልጥ አይቀርም። በዚያ ቀን ፖሊስ ቃሉን ብቻ ሰምቶ ቢይዝ ኖሮ አንተን እንዳዘልኩ ጣቢያ ነበር የማድረው። ሌባው ግን ይታሰር። በጩኸቱ ሳይሆን ሰውን አስሮጦ ንብረቱን በመውሰዱ። ድምፅም ንብረት ነው። ለዚያች ሴት በአምስት ዓመት አንዴ የምታገኘው ንብረቷ ነበር።

አሜሪካኖችም ይህንኑ ሲጨቃጨቁበት ከርመዋል። ዳግላስ ማኪ የሚባል ሰው በ2016፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ያንተን ዓይነት ምስል ለጠፈ። "ሰልፉ ምን ያደርግላችኋል፣ ሂላሪ ብላችሁ ወደዚህ ቁጥር ላኩና ከቤታችሁ ምረጡ" የሚል። ወደ 4,900 የሚጠጉ ስልኮች ወደ ቁጥሩ መልእክት ልከዋል። በ2023 ጥፋተኛ ተብሎ ሰባት ወር ተፈረደበት። የከሰሱት ገና በ1870 ኩ ክለክስ ክላን ጥቁሮችን እንዳይመርጡ ሲያስፈራራ በወጣ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር መዶለትን ይጠይቃል። በ2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዶለቱ አልተረጋገጠም ብሎ ፍርዱን ሰረዘው። ካናዳ ውስጥ ግን በ2011 መራጮችን በስልክ ጥሪ ወደ ሌላ ጣቢያ የላከ ወጣት የፓርቲ ሠራተኛ ዘጠኝ ወር ተፈርዶበታል። እነሱ በምርጫ ሕጋቸው ውስጥ ሰውን እንዳይመርጥ ማድረግን የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው። ለሌላ በሽታ በተሠራ መድኃኒት አላከሙትም።

"እማዬ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ብናወጣ ባለሥልጣን ያልወደደውን ሁሉ ይሰበስብበታል" ትለኝ ይሆናል። ይሰበስብበታል፣ ልክ ነህ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ጭራሽ ተዘግቶ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቷል። አንተ ስትወለድ "ወንድ ልጅ" ብለን በሞባይል ለመላክ አልቻልንም፤ ለዘመድ ሁሉ ደወልን። ለዚህ ነው ጠባብ ሕግ የምፈልገው። መርፌ ቀዳዳ የምታክል። መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደሚመረጥ ብቻ። እገሌ ሌባ ነው፣ እገሌ ፓርቲ አገር ይሸጣል፣ ምርጫው ይጭበረበራል የሚለውን አይንካ፤ እሱ ክርክር ነው፣ መልስ አለው። ለውሸት ቀን ግን መልስ የለውም። ቀኑ ካለፈ አለፈ። ያም ሰውየው እያወቀ ያደረገው መሆኑ ይረጋገጥ። የሚያረጋግጠውም ፍርድ ቤት ይሁን፣ የቀበሌ ሊቀመንበር አይሁን።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ፉገራ ነው ብለሃል። በፊደል ተራ መምረጥ ያስቃል፣ እኔም ሳላውቅ ሳቅኩ። ግን ማኅተሙን ለምን ጨመርክበት? ቀልድ ማኅተም ምን ያደርግለታል? ያለ ማኅተሙም ጓደኞችህ ይስቁ ነበር። ማኅተም የሚያስፈልገው ሊታመን የፈለገ ነገር ነው። ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብለህ ክቡን ስታስተካክል፣ ቀለሙን ወይን ጠጅ ስታደርግ፣ ለማን ብለህ ነበር? እኔ ላመጣሁት ጠባብ ሕግ እንኳ አንተ በራፉ ላይ ቆመሃል ልጄ። አልገባህም፤ ድምፅ ልትነጥቅ አልተነሳህም። ግን በራፉ ላይ ነህ። ይህን ስጽፍ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

አዋጁ ውስጥ የወደድኩት አንድ ነገር አለ። ጥፋቱ ሁከት ካላስከተለ ፍርድ ቤቱ በእስራት ፋንታ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊያዝ ይችላል። እኔ ዳኛ ብሆን አንተን ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ነበር የማቆምህ፤ በማግስቱ ጠዋት። ማን እንደሚመጣ እንድታይ።

ዳኛ ስላልሆንኩ እናትነቴን ልጠቀም። ምስሏን የለጠፍክበት ቦታ ሁሉ ተመልሰህ "እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ውሸት ነው፣ ሁሉም ሰው የሚመርጠው በአንድ ቀን ነው" ብለህ ጻፍ። በራስህ ስም። አክስትህም ትላክልህ፤ በመላክ እንደሆነ ማንም አይቀድማትም።

እኔ የበኩሌን ጀምሬያለሁ። ትናንት ቡና ላይ ለሳምቡሳዋ ጎረቤታችን ነገርኳት። "ያ ወረቀት ውሸት ነው፣ የሠራው የኔው ልጅ ነው" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። "አይ የድሬ ልጅ!" አለች። ስኒዋን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለችና፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ።

"ታዲያ እኔ የየትኛው ቀን ነኝ?"

እናትህ
ድሬዳዋ