ግራይንደሩ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ?

ሰላም ለሁላችሁም፣ ስለ አሮጌው ግራይንደር፣ ማለትም በዲስክ ብረት ስለሚቆርጠውና ስለሚስለው ማሽን፣ የምትሉትን ሳነብ ቆየሁና እኔም ያለኝን ልበል። ሳይከፈት ይጣል የሚለው ጭራሽ አልተዋጠልኝም፣ ምክንያቱም ደህና ሲሰራ ቆይቶ ቁርጥ ቁርጥ ማለት የጀመረ ወይ አልነሳም ያለ ማሽን ብዙ ጊዜ ካርቦኑ (ለሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ሁለት ትናንሽ ቁራጮች) አልቆ ነው፣ ካርቦን ደግሞ እየተበላ እንዲያልቅ ተብሎ የተሰራ ዕቃ ስለሆነ ሁለቱንም በአንዴ ቀይሮ መቀጠል ነው። ገመዱንም እጀታው ስር የሚገባበት ጋ እጠፍ ዘርጋ እያደረጋችሁ እዩት፣ እዛ ጋ ላስቲኩ ደህና መስሎ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይቆረጣል።

ዋናው ጥያቄ አርሜቸሩ፣ ማለትም ሽቦ የተጠቀለለበት የሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ነው። ካርቦኑ የሚያርፍበት መዳብ ለስላሳና ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ጠቁሮ ከተቦረቦረ፣ ሲሰራ ብልጭታው መዳቡን ዙሪያውን ከከበበው ወይ የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ ግን ሞተሩ ሄዷል፣ እና ሽቦውን እንደ አዲስ ማስጠቅለያው ከአዲሱ ማሽን ዋጋ ግማሽ ካለፈ እኔ አዲስ ይገዛ ባይ ነኝ። ጩኸት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ ነው፣ ይቀየራል።

አንድ ነገር ግን በናታችሁ፣ የዲስክ መከለያው ከሌለ ወይ ስዊቹ ተጭኖ ከቀረ እስኪስተካከል ማንም እንዳይነካው፣ የፈነዳ ዲስክ ዓይን ያጠፋል። እንግዲህ ጊዜ ያለው ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ይክፈተውና የመዳቡን ፎቶ እዚህ ይላክልን፣ እሱን አይተን እንወስናለን።